ሣጥኑ የበላው መሣሪያ

አሮጌ መሣሪያ ሲበላሽ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው በዝናብና በእርጥበት ላይ ነው። ጣሪያው አፍስሶበት ይሆናል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ ይሆናል፣ ዘይት ሳይቀባ ከርሞ ይሆናል እንላለን። ብዙ ጊዜም ልክ ነን። ዛሬ የማነሳው ግን ሌላ ጥፋተኛ ነው፤ መሣሪያውን እንዲጠብቅ ተብሎ የተሠራው ሣጥን ራሱ።

ነገሩን ወደዚህ ገጽ ያመጣው አንድ ወዳጄ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ በቶርኖ ሠራተኛነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ለልጃቸው ከተዉለት ዕቃ መካከል ሦስት ማይክሮሜትሮችና አንድ ካሊፐር የያዘ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ይገኝበታል። ሣጥኑ ከሃያ ዓመት በላይ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ጠብታ ውኃ ሳይነካው ኖረ። ባለፈው ክረምት ቢከፍተው ውስጡ የነበረው ስፖንጅ ቀልጦ ሬንጅ መስሏል፤ መሣሪያዎቹም በሬንጁ ውስጥ ተቀብረዋል። አንዱን ፈልቅቆ አውጥቶ አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ያገኘው ልጅ፣ በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ አዲስ አብለጭልጮ መለሰለት። አሁን ያ ማይክሮሜትር ለምንም አይሆንም። የሚሊ ሜትር መቶኛን እንዲለካ የተሠራ ዕቃ የመለኪያ ፊቱ ከተፋቀ በኋላ ጌጥ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ሁለቱና ካሊፐሩ ግን ገና አልተነኩም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እነሱን ለማዳን ስንደክም ከተማርነው ነው።

በነገራችን ላይ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ባለዕዳው በሙያው እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ በፍርድ አፈጻጸም ተይዞ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው መሣሪያ ከሌላው ንብረት የተለየ መሆኑን አውቆታል ማለት ነው። መሣሪያውን ከገንዘብ ጠያቂ ያዳነው ሕግ ግን ከስፖንጅ አያድነውም።

ስፖንጁ ለምን ይቀልጣል?

በመሣሪያ፣ በካሜራና በመለኪያ ዕቃ ሣጥኖች ውስጥ የሚደረገው ለስላሳ ስፖንጅ በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። የፖሊዩሬቴንን ኬሚስትሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኙት ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ለስላሳው ስፖንጅ በገፍ መመረት የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። በፖሊስተር ላይ የተመሠረተው ጠላቱ እርጥበት ነው፤ አየር ውስጥ ያለው ተን ብቻ እንኳ ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። በፖሊኢተር ላይ የተመሠረተው ደግሞ እርጥበቱን ይችላል፤ ብርሃንና ኦክስጅን ግን ይጎዱታል። በደፈናው የመጀመሪያው መጨረሻው ሙጫ፣ የሁለተኛው መጨረሻ ዱቄት ነው። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናቸዋል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት ከቆየ ስፖንጅ ብዙ መጠበቅ አይገባም። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ የጃፓን ፎቶ ካሜራዎችን ጀርባ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው፣ ብርሃን እንዳይገባ በበሩ ዙሪያ የተለጠፈው ስፖንጅ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ጣቱ ላይ የቀረበትን ቀን ያስታውሳል። የቆየ የቴፕ ድምፅ ማጉያም ዳር ዳሩ ተበጣጥሶ የሚረግፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙጫው አስቀያሚ መሆኑ ሳይሆን አሲድ መሆኑ ነው ችግሩ። ፖሊስተሩ ሲበጣጠስ ከሚወጡት ነገሮች መካከል አሲዶች አሉበት። እነዚህ ብረቱ ላይ ተለጥፈው፣ እርጥበትም እየሳቡ፣ ለዓመታት ይቀመጣሉ። ስፖንጁ የነካው ቦታ ብቻ ጠቁሮና ተቦርቡሮ፣ ያልነካው ቦታ ንጹሕ ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው። በወዳጄ ካሊፐር ጀርባ ላይ የስፖንጁ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ታትመው ነበር።

ስፖንጅ ብቻ አይደለም። ለስላሳ የፒቪሲ ቦርሳና ሽፋን እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት መሰል ቅመም ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ እየወጣ ያጣብቃል። ያረጀ ፒቪሲ ሃይድሮጅን ክሎራይድም ያወጣል፤ ይህ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ከናስ በተሠራ ዕቃ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዝገት አንዳንድ ጊዜ የዚህ ሥራ ነው። የመብራት ገመድ ከጠንካራ የፖሊስታይሪን ክዳን ጋር ተጣብቆ ክዳኑን አቅልጦ ቦይ ሲሠራበት ያየ ካለ፣ ያም ያው ቅመም ነው። እንዲህ የቀለጠ ፕላስቲክ በማጽዳት አይመለስም፤ ጉዳቱ ቆሻሻ ሳይሆን የጠፋ አካል ነውና።

ሌላው የካቻቢቴ እጀታ ነው። ያ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው የድሮ እጀታ ብዙ ጊዜ ሴሉሎስ አሲቴት ቡቲሬት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሲያረጅ ላዩ ላይ ነጭ አመዳይ ያወጣል፤ የመሣሪያ ሣጥኑ ሲከፈትም ትውከት ትውከት ይሸታል። የሚሸተው ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከቅቤ ነው። የሸተተ ቅቤ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአሲቴት የተሠራው ደግሞ አቼቶ አቼቶ ይላል። አፍንጫ እዚህ ላይ ጥሩ መርማሪ ነው፤ ሣጥኑ ከሸተተ ውስጡ አሲድ አለ፣ አሲድ ካለ ብረቱ እየተበላ ነው።

አወጣጡና አጠራረጉ

መጀመሪያ ቦታ። በረንዳ ወይም መስኮቱ የተከፈተ ክፍል፣ የላስቲክ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የደረቀው ስፖንጅ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ከሰል፣ ሻማና ሲጋራ አጠገብ አይኑር፤ የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች ሁሉ ተቀጣጣይ ናቸው። የወጣውን ስፖንጅ ከደጅ ቆሻሻ ጋር አቃጥሎ መገላገል የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ይህን አታድርጉ። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ከሚያወጣው ጭስ ውስጥ ሳይናይድ አለበት፤ ፒቪሲም ሲቃጠል የሚያወጣው ከዚያ የሚሻል አይደለም።

ከዚያ በፈሳሽ ከመሮጥ በፊት በእጅ የሚነሳውን ማንሳት። ለዚህ ቢላዋም ሆነ የሽቦ ብሩሽ አይሆንም። የአይስክሬም እንጨት፣ የተቀረጸ ቀርከሃ ወይም ጊዜው ያለፈበት የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል። ፈሳሽ ቶሎ የፈሰሰበት ሙጫ ቀጥኖ ወደ ጥርስና ብሎን ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣቱ አሥር እጥፍ ነው።

ለቀረው ሙጫ ከሁሉ የሚሻለው አልኮል ነው። አይሶፕሮፒል ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የቁስል አልኮል ያገለግላል፤ ውኃ ስላለበት ግን ከተጠረገ በኋላ ቶሎ ማድረቅ ነው። ጨርቅ ነክሮ ሙጫው ላይ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያ መጥረግ፣ ጨርቁን መለወጥ፣ መድገም። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ያንኑ ጨርቅ ደጋግሞ መጠቀም ሙጫውን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ነው። የፒቪሲ ቅባት ከሆነ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ብዙውን ያነሳዋል፤ የቀረውን አልኮል ይጨርሰዋል።

አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ፈጣን በመሆኑ ብዙ ሰው ወደሱ ይሮጣል። ባዶ ብረት ላይ ከሆነ ይሁን። እጀታ፣ ቀለም የተቀባ አካል ወይም ፕላስቲክ መስኮት ያለው ዕቃ ላይ ግን ጠብ ካለ ጉዳቱ አይመለስም። ቲነርም እንደዚያው። አልኮልም ቢሆን ገደብ አለው፤ በድሮ የናስ የቅየሳ መሣሪያዎች ላይ የሚቀባውን ሼላክ የተባለ ቫርኒሽ ያሟሟል፣ በተቀረጸ ቁጥር ውስጥ የተሞላውን ቀለምም ሊያነሳ ይችላል። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነጭ ጋዝ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ቀለሙን ግን እምብዛም አይደፍርም። ለማንኛውም ማንም በማያየው ጥግ ላይ በጥጥ ጫፍ ሞክሮ መጀመር ነው።

ሙጫው ወጣ ማለት አሲዱ ወጣ ማለት አይደለም። ብዙው አሲድ የሚለቀው በውኃ ስለሆነ ካቻቢቴ፣ መፍቻና ፒንሳ የመሰለውን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ወዲያው ማድረቅ ይገባል። ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ይደርቃል። ማይክሮሜትርና ካሊፐር ግን ውኃ ውስጥ አይነከሩም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ፣ ተከትሎ በአልኮል፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ።

ዝገቱን በተመለከተ፣ ስስ ከሆነ በስፌት መኪና ዘይት የራሰ እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ ይበቃዋል። ወፍራም ከሆነና መፍቻ ወይም መዶሻ ከሆነ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ፣ ፈግፍጎ፣ የሶዳ ባይካርቦኔት ውኃ ውስጥ ነክሮ አሲዱን ማጥፋት ይቻላል። ሶዳውን የሚዘለል ሰው በማግሥቱ አዲስ ቢጫ ዝገት ያገኛል። የመለኪያ ዕቃ አቼቶም የብርጭቆ ወረቀትም አያይም። የተቦረቦረው ቦታ የመለኪያ ፊቱ ካልሆነ ጥቁሩ ጠባሳ ይኑር፤ ሥራውን አያግደውም። ምናለሽ ተራ ላይ የሚያብለጨልጭ ማይክሮሜትር ያየ ገዢ እንዲያውም መጠራጠር አለበት።

የማይክሮሜትሩ የመለኪያ ፊቶች የሚጠረጉት በወረቀት ነው። ንጹሕ ወረቀት በሁለቱ ፊቶች መካከል አድርጎ በቀስታ ማጥበቅና ወረቀቱን መሳብ፤ የቀረውን ቅባት ይዞ ይወጣል። ከዚያ በራቸቱ ዘግቶ ዜሮውን ማየት። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 7 መቶኛ ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የቀረች የሙጫ ብጣሽ ንባቡን ለማዛባት ትበቃለች። ጥርሱ ውስጥ ሙጫ ከገባ በላይ በላዩ ፈሳሽ ማፍሰስ ሳይሆን ፈትቶ መጥረግና አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የት ይቀመጥ?

ከድካም ሁሉ በኋላ ሰው የሚሠራው ስሕተት መሣሪያውን ወደዚያው ሣጥን መመለስ ነው። የሣጥኑ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚጣለው ሆዱ ነው። ስፖንጁ ተፍቆ ወጥቶ፣ ሣጥኑ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጥቂት ቀን አየር ይምታው። በስፖንጁ ፋንታ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዴ ማንጠፍ እመርጣለሁ። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ማሸጊያ የሚመጣው ነጭ፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሸው የፖሊኤትሊን ስፖንጅም ደህና ነው። አዲስ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መግጠም ግን ለልጅ ልጅ ያንኑ ሬንጅ ማውረስ ነው። ቆዳም ሆነ ኦክ የተባለው እንጨት የየራሱ አሲድ ስላለው ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

የሚሸቱ የካቻቢቴ እጀታዎችን በሳሙናና በጥቂት ሶዳ አጥቦ አመዳዩን ማንሳት ይቻላል፤ ሽታው ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ፕላስቲኩ ራሱ እየፈረሰ ነውና። ለብቻቸው፣ አየር በሚያገኝ ቦታ መስቀል እንጂ ከመለኪያ ዕቃ ጋር መቆለፍ አይገባም። በክረምት የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች መጨመር አይከፋም።

ለመቀባት ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ከሆነ ስስ ቫዝሊን። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ደርቆ ሌላ ሙጫ ይሆናል። ደብልዩ ዲ 40 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1953 የተፈጠረው ርጭት ለማላቀቅና እርጥበት ለማባረር ጎበዝ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ስለሚተን ግን ለዓመታት ጥበቃ አልተማመንበትም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ መስከረም ሲጠባ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ማየትና ማሽተት ይበቃል።

የወዳጄን ሁለት ማይክሮሜትሮች በሁለት ቅዳሜ ጨረስናቸው። አንዱ ዜሮ ላይ ገጠመ። ሌላው በሁለት መስመር አለፈ፤ ይህ በትንሿ የማስተካከያ ቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ቁልፏ ግን ሣጥኑ ውስጥ አልነበረችም። ተስፋ ቆርጠን ሳለ የወጣው ስፖንጅ የታሰረበት ፌስታል ገና እንዳልተጣለ ትዝ አለው። ፈታነውና በእንጨት ገለባበጥነው። ሬንጁ ውስጥ ነበረች፤ የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል በመርፌ ተጭሮባታል።