ሞላና ጠመንጃ፦ በቤኒ ሻንጉል ድንበር የጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ስለተዘነጋ አንድ ክፍል



የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ ያቀበለኝ አንድ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። በውጭ አገር «ኤርሶፍት» ስለሚባለው የጨዋታ ጠመንጃ እያጠና ነበርና የማርሽ ሳጥኑን ሥዕል አሳየኝ። ብዙዎቻችሁ መሣሪያውን አታውቁትም ብዬ ስለምገምት ጥቂት ላብራራ። ከባሩድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚተኩሰው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የፕላስቲክ ጠጠር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ሞተር ማርሾችን ያሽከረክራል፤ ማርሾቹ ፒስተኑን ወደ ኋላ እየጎተቱ ሞላውን ያጨብጣሉ፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል፤ በሲሊንደሩ የታመቀው አየር ጠጠሯን ይገፋታል።

ተጫዋቾቹ ጠመንጃቸው ፈጥኖና አርቆ እንዲመታ ሲሹ ሳጥኑን ይፈቱና ሞላውን በጠንካራ ሞላ ይለውጡታል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሞላው እንደተጨበጠ ሳጥኑን የከፈተ ግን ሞላው ከነመሪ ዘንጉ ዘሎ ፊቱን ሊመታው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ውጥረቱን ማርገብ፣ ሁለቱን ግማሽ ሳጥኖች ሲለያዩም የዘንጉን ጫፍ በካቻቢቴ ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ችግር የሚመጣው ሳጥኑ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ነው። የጠጠሯ ፍጥነት በእጥፍ እንዲያድግ የሚሰጣት ጉልበት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ያን ጉልበት የሚሸከሙት ደግሞ ለደካማው ሞላ ተለክተው የተሠሩት ማርሾች፣ የፒስተኑ ጥርሶች፣ ሞተሩና ባትሪው ናቸው። ጥርሱ ይረግፋል፤ ሳጥኑም ከፊት በኩል ይሰነጠቃል። አንዱን ክፍል ያጠነከረ ሰው የሌሎቹን ድካም ይፋ ያወጣል።

ተማሪው ሥዕሉን ሲያሳየኝ የታየኝ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የጦር መሣሪያ ታሪካችን ነው። ይህን ታሪክ የምንጽፈው በቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ጠመንጃ ገባ፣ ይህን ያህል ተማረከ እንላለን። የገባው ጠመንጃ ከአሥር ዓመት በኋላ ይተኩስ እንደሆነ፣ ሞላው ሲሰበርም ማን እንደሚተካው የሚጠይቅ ጥናት ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ወደ አገራችን ከገቡት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ራሳቸው «የተሻሻሉ» ነበሩ። ሰናድር የምንለው ስናይደር፣ እንግሊዞች በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኋላውን ቆርጠው በጀርባው እንዲጎርስ ያደረጉት ነው። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው። ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሲሆን፣ ፈረንሳዮች የቀደመውን ሻስፖ ጠመንጃቸውንም በብዛት ወደ እርሱ ቀይረዋል። ዐድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን ጦር የያዘው ቬተርሊ ደግሞ በ1870 እ.ኤ.አ. ባለ አንድ ጥይት ሆኖ ተሠርቶ፣ በ1887 ባለ አራት ጥይት ካዝና የተጨመረለት ነው። ጣሊያኖች በዚህ አላቆሙም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያንኑ አሮጌ ቬተርሊ የውስጥ ቱቦ አስገብተው ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት አመቻቹት። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ መዝጊያ የጭስ አልባውን ባሩድ ግፊት እንዲሸከም ተገደደ፤ የተማሪያችን የማርሽ ሳጥን ችግር በትልቁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ እንምጣ። በቤኒ ሻንጉል የጦር መሣሪያ መንገድ ለረጅም ጊዜ ከደጋው ይልቅ ከሱዳን በኩል የተከፈተ ነበር። የመሐመድ አሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1821 ሰናርን ከያዘ በኋላ ወደ ፋዞግሊና ወደዚህ የገሰገሰው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነው። ጠመንጃውም የመጣው ከዚሁ ንግድ ጋር ተቆራኝቶ ነው፤ በአንድ እጅ ወርቅና ሰው ሲወጣ በሌላው መሣሪያ ይገባል። የግብፅ ጦር መደበኛ ጠመንጃ ሬሚንግተን ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ብዙ ሬሚንግተን በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ የሂክስ ጦር በሸይካን ሲደመሰስ መሣሪያው ለማህዲስቶች ተረፈ። የማህዲስቶችም ክንድ እስከዚህ ደርሷል። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምቱ የገጠሟቸው ሼኾች፣ ከነርሱም አንዱ የአቆልዲው ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን፣ በሁለት የመሣሪያ ምንጮች መካከል የቆሙ ገዢዎች ነበሩ። ኾጀሌ ኋላ ለአፄ ምኒልክ በወርቅ ገባሪ ሆኑ፤ ስማቸውም በአዲስ አበባ ሸጎሌ በሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ ይጠራል።

የሬሚንግተንን ጉዳይ ጠለቅ ብዬ ልመልከተው፤ ለእኔ የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ሬሚንግተን፣ ውጅግራና ቬተርሊ በአንድ ረድፍ «ዘመናዊ ጠመንጃ» ተብለው ይሰለፋሉ። ተፈተው ሲታዩ ግን ሁለት ዓለም ናቸው። የሬሚንግተን ዋና ሞላ ዝርግ ነው፤ ጠፍጣፋ ቀጭን ብረት በአንድ ጫፉ በብሎን ታስሮ በሌላው መዶሻውን ይገፋል። የሰናድርም ሞላ ከጥንቱ ጠመንጃ የተወረሰ እጥፍ ዝርግ ሞላ ነው። በውጅግራና በቬተርሊ ግን ሞላው ጥምዝ ነው፤ በመዝጊያው ሆድ ውስጥ ከመቺው መርፌ ጋር ተሰክቶ ይቀመጣል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዝርግ ሞላ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ ሊሠራ ይችላል፤ ወናፍ፣ ከሰልና ጥሩ ዓይን ያለው ባለሙያ ይበቃዋል። ጥምዝ ሞላ ግን ወጥ ውፍረት ያለው የአረብ ብረት ሽቦ ይጠይቃል፤ ሽቦው ደግሞ የፋብሪካ ውጤት ነው። ከዝርጉ ወደ ጥምዙ ሞላ የተደረገው ሽግግር የጠመንጃውን ዕድሜ ከአገር ቤት ጥገና ወደ ባሕር ማዶ አቅርቦት አሸጋግሮታል ብዬ አምናለሁ። የተኩስ ፍጥነት ጨመረ፤ ጥገኝነትም አብሮ ጨመረ።

በዝርጉም ቢሆን ችግሩ ብረቱ ነው። ከአፈር የሚቀልጠው የአገር ቤት ብረት ለማረሻና ለጦር ጫፍ ያገለግላል፤ የካርቦን መጠኑ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለሞላ አስቸጋሪ ነው። ለሞላ የሚሆን ብረት ከመቶ ከ0.5 እስከ 1 የሚደርስ ካርቦን ይፈልጋል። እስኪቀላ፣ ወደ 800 ዲግሪ ገደማ፣ ይሞቃል፤ በዘይት ወይም በውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ከዚያም ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ፣ 300 ዲግሪ ገደማ ድረስ፣ ተመልሶ ይሞቃል። ሁለተኛው ሙቀት ካነሰ ሞላው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከበዛ ታጥፎ ይቀራል። በነገራችን ላይ «አረብ ብረት» የሚለው ስማችን ጥሩው ብረት ከወዴት እንደመጣ የሚታሰብ እንደነበር ራሱ ይናገራል።

ይህን ሙያ የተሸከመው ሰው በደጋው ጠይብና ቀጥቃጭ፣ በወለጋ ቱምቱ ተብሎ የተናቀ፣ «ቡዳ» እየተባለ የተፈራ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን እጅ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ማስፈለጉ በራሱ የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። አንድ መስፍን አንድ ሺህ ጠመንጃ ሊሰበስብ ይችላል፤ የጠመንጃዎቹን ሞላ የሚያድሰው ሰው ግን በግብሩ ላይ አብሮት አይቀመጥም። ይህን ቅራኔ የአገራችን ወታደራዊ ታሪክ ጸሐፊዎች በቂ ትኩረት አልሰጡትም።

የጥገናው ቋንቋ የተለወጠው በጣሊያን ዘመን ነው። ሞላ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ባሌስትራ ነው። ዛሬ ሁላችንም ከጭነት መኪና ሥር ያለውን ዝርግ ሞላ እንልበታለን፤ በጣሊያንኛ ግን የቃሉ ቀዳሚ ትርጉም ባለ ሰደፍ ቀስት ነው። ቀስት ደግሞ የሰው ልጅ ከሠራቸው ሞላዎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። የጉምዝ አዳኝ ቀስቱ ቢሰበርበት መለዋወጫው በአቅራቢያው ጫካ ውስጥ አለ። ጠመንጃ ከገባ በኋላ ቀስት ለምን በዚህ ክልል ጸንቶ እንደቆየ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ኋላ ቀርነት» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የአቅርቦትና የጥገና ስሌት ይታየኛል። ባሪያ ፈንጋዩ የታጠቀበትን መሣሪያ ሊያገኝ ያልቻለ ሕዝብ፣ ማንም ሊነሳው የማይችለውን መሣሪያ ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያኖች ያስለቀቀው ከቤልጂክ ኮንጎ የመጣው ፎርስ ፑብሊክ ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ በየቤቱ የቀረው የጣሊያን ጠመንጃ፣ የሚሠራውም የማይሠራውም፣ የማዕረግ ዕቃ ሆነ። ሞላው የሞተ ጠመንጃም ያስፈራል፤ ባለቤቱና ጎረቤቱ ምስጢሩን እስከጠበቁ ድረስ። በሌላ በኩል ከመኪና የወጣው ባሌስትራ ወደ ቀጥቃጩ መዶሻ ገብቶ ቢላዋ፣ ገጀራና መጥረቢያ ይሆናል። ጥሩ ብረት ፍለጋ ለዘመናት ሲቸገር የነበረው ባለሙያ፣ በመጨረሻ ያገኘው ከተሰበረ የጭነት መኪና ሥር ነው።

ስለ ጠመንጃ መናገር በክልላችን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በመተከል በቅርብ ዓመታት የደረሰው እልቂት ከአእምሯችን አልጠፋም፤ ንግግሬም መሣሪያን ለማወደስ አይደለም። ለተመራቂ ተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። በሕጋዊ መንገድ በሙዚየም ወይም በመንግሥት እጅ የሚገኝ አሮጌ ሬሚንግተን ወይም ሰናድር ስታገኙ የፋብሪካውን ማኅተም መዝግባችሁ አትሂዱ። ባዶ መሆኑን በባለሙያ አረጋግጡ፣ አስፈቱትና ሞላውን እዩ። የፋብሪካ ሞላ ፊቱ ለስላሳ፣ ጠርዙ እኩል ነው። በእጅ የተሠራው የሞረድ ጭረት ይኖረዋል፤ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አይሆንም። የብሎኑ ቀዳዳ ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ተበስቶ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ለክታችሁ አምጡልኝ።