ፊዚካል ኬሚስትሪ የማን ልጅ ነው?

የአክስቴ ልጅ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ወዳለው ቤታቸው ሲመጣ ከቦርሳው መጀመሪያ የሚወጣው የሚታጠብ ልብስ ነው፤ ቀጥሎ ምሬት። የዘንድሮው ምሬት በሙሉ ስለ አንድ ኮርስ ነው፦ ፊዚካል ኬሚስትሪ። «እኔ የገባሁት ፋብሪካ ላቆም ነው እንጂ ኬሚስት ልሆን ነው እንዴ?» ይላል። የሚድ ውጤቱን አይቶ ዲፓርትመንት ልቀይር ማለት ጀምሯል። አክስቴ «አቦዬ ይርዱህ» ብላ ወጥ ታወጣለታለች። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው በዚህ ወሬ መሃል ምን ይላል? ዝም አልኩ። ግን አመል ነውና ይህ ትምህርት ከየት መጣ ብዬ መቆፈሬ አልቀረም።

እናላችሁ፣ ያገኘሁት ነገር የልጁን ጥያቄ ገለበጠብኝ። የትምህርቱን መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዳንዶቹ መሐንዲሶች ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1824 ስለ ሙቀትና ጉልበት ያቺን ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመው ሳዲ ካርኖ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ ነበር፤ ጭንቀቱም የእንፋሎት ሞተር ከአንድ ማንኪያ ከሰል ስንት ሥራ ሊያወጣ ይችላል የሚል ነበር። ተማሪዎቻችን «ጊብስ ፍሪ ኢነርጂ» እያሉ የሚያነበንቡለት አሜሪካዊው ዊላርድ ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1863 ከዬል ዶክትሬቱን ያገኘው በምህንድስና ነው፤ የጻፈውም ስለ ጥርስ ማርሽ ቅርጽ ነበር። ለ ሻትልዬ ደግሞ የማዕድን መሐንዲስ ነው። እንግዲህ ቁጣው ለማን ነው?

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የአሞኒያ ታሪክ ነው። አሞኒያ የማዳበሪያ እናት ናት። አንድ እጅ ናይትሮጅንና ሦስት እጅ ሃይድሮጅን ተዋህደው ሁለት እጅ አሞኒያ ይሰጣሉ። አራቱ ሁለት ስለሚሆኑ ግፊት ሲጨምር አሞኒያው ይበዛል። ሙቀት ሲጨምር ግን ያንሳል፤ ሙቀቱን ቀንሰህ እንዳትጠብቅ ደግሞ ነገሩ ከመዘግየቱ የተነሣ የማይሆን ይሆናል። ለ ሻትልዬ የራሱን ሕግ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1901 ሞከረው፤ ዕቃው ውስጥ አየር ገብቶ ፈነዳ፣ ረዳቱም ከሞት ለጥቂት ተረፈ። እሱም ተወው፤ በኋላ መተዉ ሲቆጨው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር 200 አትሞስፌር ገደማ በሆነ ግፊት አሞኒያ ሲንጠባጠብ አሳየ። (ይኸው ሃበር በኋላ በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መሪ ሆኗል፤ የሱ ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

በላቦራቶሪ ማንጠባጠብና ፋብሪካ ማቆም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራው የወደቀው በካርል ቦሽ ላይ ነው። ቦሽ በርሊን አጠገብ ሻርሎተንቡርግ ስለ ብረትና ማሽን ተማረ፤ ከዚያ ላይፕዚግ ሄዶ ኬሚስትሪ ጨመረበት። ያሠራቸው የብረት በርሜሎች ከ80 ሰዓት ገደማ በኋላ ይፈነዱ ጀመር። ምክንያቱን ያገኘው በሁለቱም ትምህርቶቹ ነው፦ ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ እየሰረገ ጥንካሬ የሚሰጠውን ካርቦን ይበላዋል። መፍትሔው ውስጡን ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት መሸፈን፣ የውጪውን ጠንካራ ብረት ደግሞ ሾልኮ የሚያልፈው ሃይድሮጅን እንዲወጣ መብሳት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ኬሚስትሪውና ምህንድስናው የገቡት በየበራቸው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የምህንድስና ኮሌጁ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተከፈተ። ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ግን ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ራሱን ችሎ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ የቆመው ፖሊ ቴክኒክ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እኛ አካባቢ፣ ቃሊቲን አልፎ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ፋብሪካዎቹስ? ከኬሚካል ኢንጂነሪንጉ በፊት መጥተዋል። ከሳሪስ እስከ አቃቂ ያለውን መስመር አስቡት። ስሙ የሰፈር መጠሪያ የሆነው አደይ አበባ፣ ነፋስ ስልክ ቀለም፣ አዲስ ጎማ፣ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ። ማቅለሚያ ጥጥ ላይ የሚጣበቀው፣ ቀለም ግድግዳ ላይ የሚደርቀው፣ ጎማ በድኝ የሚጠነክረው በፊዚካል ኬሚስትሪ ነው። ማሽኑ ግን ከነአሠራሩ ተጠቅልሎ ከውጪ መጣ። አውሮፓ ውስጥ ፋብሪካው ጠየቀ፣ ትምህርቱ ከጥያቄው ተወለደ። እኛ ጋ ፋብሪካው መልሱን ይዞ ገባ፤ ትምህርቱም ጥያቄ የሌለው መልስ ሆኖ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። የአክስቴ ልጅ የሚመርረው ይኼ ይመስለኛል።

የአሞኒያው ስሌት በየፈተናው ይመጣል፤ ዩሪያው ግን በመርከብ ነው የሚመጣው። ያዩ ላይ ሊሠራ የታሰበው የማዳበሪያ ፋብሪካ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ሳያልቅ ቀረ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቆም ተፈራርሟል። ሲያልቅ በርሜሉ አጠገብ የሚቆመው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ አይጻፍም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ካርኖና ጊብስ ብዙም አልገረሙትም። ቦሽ ጋ ስደርስ ግን ጉርሻውን ሳይውጥ አቋረጠኝ፦

«ቆይ፣ ብረቱን ከበሳው ሃይድሮጅኑ እየወጣ አይባክንም? ስንት ነው የሚወጣው?»

አላውቅም አልኩት። እጁን ታጥቦ መጣና ከቦርሳው ደብተር አወጣ።