የንግድ ምልክትና የደራሲ መብት በይፋት ገበያ መነጽር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ቆላማው የይፋት ምድር ተዘርግቶ ያያል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋድያን የይፋትን ቆላ አቋርጠው በአንኮበር ግርጌ ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጡ ነበር። በዚያ ከአሞሌ ጨው ጋራ ጠገራ ብር ይሠራበት ነበር። ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ አስቀድሞ በማርያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ይቈጥራል፤ ከሥዕሏም በታች «ኤስ ኤፍ» የሚሉትን ፊደላት ይፈልጋል። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖረ። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደች፤ በኋላም እንግሊዝ በለንደን መምታት ጀመረች። ሥዕሉን ማን እንደ ቀረጸው ነጋዴውን አላስጨነቀውም፤ የሚሻው ብሩ የታመነ መሆኑን ነበር።

«ማን ደረሰው?» እና «ከማን ወጣ?» የሚሉት ጥያቄዎች እንዲህ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የደራሲ ወይም የቅጅ መብት፣ ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው። ሆኖም የተማረው ሰው እንኳ «የስሙ የቅጅ መብት የእኛ ነው» ሲል እንሰማለን። የሚወደውን ዘፋኝ ስም በደብተሩ ሽፋን ላይ የጻፈ ተማሪ የማንንም ድርሰት አልሰረቀም፤ ዘፈኑን አባዝቶ የሸጠ ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠየቃል። የተመዘገበ ምልክት በሸሚዝ ላይ አትሞ የነገደ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠየቃል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የቡናችን ጕዳይ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ግን ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋድያን ማኅበርም ስሞቹ የወል ናቸው ሲል ተቃወመ። ይርጋ ጨፌ ቶሎ ሲመዘገብ፣ የሁለቱ ማመልከቻ በመጀመሪያ ውድቅ ተደረገ። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በስሞቹ ምክንያት አገራችን በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ልታጣ እንደምትችል ገምቶ ነበር። ክርክሩ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። የቦታ ስም በምልክትነትም ቢሆን በቀላሉ የሚጸና አይደለም፤ በደራሲ መብት ቢቀርብ ኖሮ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ከመነሻው ይወድቅ ነበር፤ «ሐረር» የሚለውን ቃል ደራሲ ነኝ የሚል ማን ይገኛል?

ዛሬ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሾ በብዛት ይመረታል። ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ምርታቸውን በራሳቸው ስም በከረጢት ሊሸጡ ቢያስቡ፣ በአንዱ ከረጢት ላይ ሁለት ሕግ ያገኛቸዋል። ሥዕሉን ሕጉ ያለ ምዝገባ፣ ሠዓሊው በሕይወት ሳለ እና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ስሙን ግን ማኅበሩ አስመዝግቦ በየ7 ዓመቱ ማሳደስ አለበት።