ከእርጎ እስከ እንክብል፦ የፕሮባዮቲክ ተስፋና የደም ስኳር

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበሩት ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ እርጅናን የሚያፋጥነው በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ በጄኔቫ ሆነው የአገራቸውን እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ ለዩ። ሜችኒኮፍም እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተሙት መጽሐፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ረጅም ዕድሜ ከዚሁ እርጎ ጋር አያያዙት። በ1908 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ግን በሰውነት በሽታን የመከላከል አቅም ላይ ባደረጉት ምርምር እንጂ በእርጎው አልነበረም። ራሳቸውም እርጎውን ሲጠጡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1916 በ71 ዓመታቸው አረፉ።

ሐሳቡ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በጃፓን የሚኖሩ ሺሮታ ግኝት የሆነው ያኩልት እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚል ትርጓሜ ሰጡ።

ከደም ስኳር ጋር ያለው ግንኙነት ጎልቶ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአይጦች ጥናት፣ ስብ የበዛበት ምግብ የባክቴሪያ ስብርባሪ ከአንጀት ወደ ደም እንዲያልፍ በማድረግ ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ እንደሚያውክ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤልጂየም የተካሄደ ጥናት ደግሞ አከርማንሲያ የተባለውን ባክቴሪያ በሰው ላይ ፈተነ። ለሦስት ወር የዘለቀውን ሙከራ የፈጸሙት 32 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ኢንሱሊን የተሻለ እንዲሠራ የረዳው ሕያው ሳይሆን በሙቀት የሞተው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ።

በቅድመ ስኳር ደረጃ ባሉ ሰዎች ላይ የተደረጉት ሌሎች ሙከራዎችም አብዛኞቹ አነስተኛና አጭር ናቸው፤ የባክቴሪያው ዓይነትም ከጥናት ጥናት ይለያያል። የታየው የደም ስኳር መቀነስ ጥቂት ሲሆን ውጤቱም ወጥ አይደለም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነውና 3,234 ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ወደ ስኳር በሽታ መሸጋገርን በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን ደግሞ በ31 በመቶ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ስለዚህ እንክብሉን ገዝቶ እርምጃውን የሚተው ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ በሽታውን መከላከል የሚቻልበትን ጊዜ ጭምር ነው።