ምጽዋት ወይስ ድርሻ?

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በእንሴኖ ከተማችን ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። ምርቃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአገራችን ሰው የእርጅና መተዳደሪያው ልጁ ነውና፤ አዲስ አበባ ወጥቶ የሚነግደው ልጅ ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ሲመለስ የወላጆቹን ጉድለት ይሞላል። ልጅ የሌለውስ በምን ይኑር? ዕድር ደግ ማኅበር ነው፤ ነገር ግን መዋጮ ለከፈለ እንጂ ላልከፈለ አይደርስም፤ ደግሞም ድንኳኑን የሚተክለው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ ለየት የሚለው ዘካ ነው። በእስልምና ትምህርት ዘካ ባለጸጋው ከደግነቱ የሚሰጠው ሳይሆን በሀብቱ ውስጥ ያለ የድሃው ሐቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ መንግሥትስ ለችግረኛ ዜጋው የሚሰጠው ምጽዋት ነው ወይስ ሐቅ?

በታሪካችን ረጅሙን ዘመን ምጽዋት ነበረ። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው የተራበ መግበዋል። በ1966 ዓ. ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ. ም. ደግሞ በብዙ ክፍላተ ሀገር ረኃብ ሲገባ ሕዝቡ የውጭ ስንዴ እስኪደርስ ጠበቀ። የጡረታ ሕግ በ1955 ዓ. ም. ቢታወጅም ለመንግሥት ሠራተኛ ነበረ እንጂ ገበሬውንና ባለጉሊቷን አልነካም።

ነገሩ የተለወጠው በ1995 ዓ. ም. ድርቅ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ርዳታ ከፈለገ በኋላ ነው። በ1997 ዓ. ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር፣ ርዳታው ረኃብ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየዓመቱ ለስድስት ወር እንዲሰጥ ተወሰነ። መሥራት የሚችል ቤተ ሰብ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ ለቀኑ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይቀበል ነበር። ሒሳቡ ለአንድ ሰው በወር 30 ብር ወይም 15 ኪሎ እህል ማለት ነው። በ2000 ዓ. ም. የእህል ዋጋ ሲንር ግን 6 ብር 3 ኪሎ መግዛት ተሳነው። ክፍያው ወደ 8፣ በ2002 ዓ. ም. ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ብዙ ሰው ብሩን ትቶ እህሉን መረጠ። አላጠፋም፤ ገበያ የሚውል ሰው ብር እንዴት እንደሚቀንስ ከሒሳብ መምህር ይልቅ ያውቃል።

አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ግን ሳይሠሩ ይቀበላሉ፤ ከ2008 ዓ. ም. ጀምሮም ለእነርሱ ዓመቱን ሙሉ እንዲሰጥ ተደረገ። በአገራችን ለዋስትና ገቢ የቀረበው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ለወረዳው ኮታ ይመጣል፤ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮታው ሲሞላ የቀረው ይቀራል። በ2009 ዓ. ም. የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመርም በ11 ትልልቅ ከተሞች ነበረና እንሴኖን የመሰለች ትንሽ ከተማ በውስጡ አልነበረችም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የምግብና የማኅበራዊ ዋስትናን ነገር ቢያነሣም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ይገድበዋል።

በእንግሊዝ የተወለደው ቶማስ ፔይን ግን በ1797 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ አቅምን አላስቀደመም። መሬት በተፈጥሮ የሰው ሁሉ ስለሆነ፣ ድርሻውን ያጣ ሁሉ ካሣ ይገባዋል አለ፤ 21 ዓመት ለሞላው 15 ፓውንድ አንድ ጊዜ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ 10 ፓውንድ። ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታውጇል፤ ሕገ መንግሥቱም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲያው መሬት የሁላችን ከሆነ፣ አንዲት ጥማድ የሌላቸው ሰው ድርሻቸው የት አለ?

ይህን ጥያቄ በሰፈራችን ሽንኩርትና በርበሬ በመደብ ለሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት አቀረብሁላቸው። «እማማ፣ መንግሥት ገንዘብ ቢሰጥዎ ርዳታ ይሉታል ወይስ ድርሻ?» ብዬ ጠየቅሁ። በርበሬውን እያስተካከሉ ጥቂት አሰቡና፣

«ልጄ፣ በየወሩ ነው ወይስ አንድ ጊዜ?» አሉኝ።