«አእምሮ ማጠብ» በፊልምና በታሪክ

በ1962 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይል ምክንያት ጦር ሊማዘዙ በደረሱበት ሳምንት፥ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች «ዘ ማንቹሪያን ካንዲዴት» የተባለ ፊልም መታየት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙን ያዘጋጀው ጆን ፍራንክንሃይመር ሲሆን፥ ታሪኩ የተወሰደው ሪቻርድ ኮንደን በ1959 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በኮርያ ጦርነት የተማረከ ሬይመንድ ሾው የተባለ ሃምሳ አለቃ እንደ ጀግና ተሸልሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዳሩ ግን ማንቹሪያ ውስጥ አእምሮው ታጥቦ ስለ ነበር፥ ከመጫወቻ ካርታዎች መካከል የዳይመንድ ንግሥት በወጣች ጊዜ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽማል፤ ግደል ቢሉትም ይገድላል፤ ያደረገውንም አያስታውስም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፥ በአሜሪካ ሆና እርሱን የምታዘው የገዛ እናቱ መሆንዋ ነው።

ፊልሙን ያየ ሰው የማይረሳው አንድ ትርኢት አለ። ምርኮኞቹ ወታደሮች በአገራቸው በአንድ ሆቴል ተቀምጠው፥ ባልቴቶች ስለ አበባ አተካከል ሲነጋገሩ የሚሰሙ ይመስላቸዋል። የፊልም መሣሪያው አዳራሹን ዞሮ ሲመለስ ግን ባልቴቶቹ የሉም፤ በቦታቸው የጠላት መኮንኖች ተቀምጠዋል፤ አበባ ታስተምር በነበረችው ሴት ፈንታም ሐኪሙ ቆሞአል። ሾው ጓደኛውን እንዲያንቅ በታዘዘ ጊዜ በጨዋነት ተነሥቶ ያንቀዋል፤ የሚታነቀውም ወታደር አይቃወምም። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሰውን ያስፈራው ግድያው ሳይሆን ይህ ጨዋነት ነው።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? «አእምሮ ማጠብ» የሚለውን ቃል ከቻይንኛ ወስዶ በ1950 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያስፋፋው ኤድዋርድ ሃንተር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ቀጥሎም በኮርያ የተማረኩ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች፥ «የበሽታ ተባይ ከአየር ጥለናል» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ጦርነቱ በ1953 ዓ.ም. ሲቆምም 21 አሜሪካውያን ምርኮኞች ወደ አገራችን አንመለስም አሉ። (በዚያው ጦርነት የተሰለፈው የእኛው ቃኘው ሻለቃ አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ ስለ ተመለሰ፥ ይህ ጭንቀት በአገራችን አልታወቀም።) የአሜሪካ ሕዝብ ጠላት አንድ ምስጢራዊ ጥበብ ያገኘ መሰለው።

ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ግን ምስጢር አልተገኘም። አልበርት ቢደርማን የተባለ ሊቅ ከምርኮ የተመለሱትን የአየር ኃይል ሰዎች ጉዳይ አጥንቶ በ1957 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ የተደረገባቸውን በሠንጠረዥ አሰፈረው፤ ይኸውም ለብቻ መታሰር፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ረኀብ፥ ዛቻ፥ ውርደት፥ አልፎ አልፎም የምትሰጥ ትንሽ ቸርነት ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው የእምነት ቃልም ሐሰተኛ እንደ ሆነ አስረዳ። የዳይመንድ ንግሥት ለፊልም ትመቻለች፤ እንቅልፍ የተነሣ ሰው ግን ለተመልካች አሰልቺ ነው።

ይሁን እንጂ ልብ ወለዱ ከመታሰቡ በፊት ፍርሃቱ ሥራውን ጀምሮ ነበር። የስለላው መሥሪያ ቤት የሲ አይ ኤ ሹም አለን ዳለስ በ1953 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ባደረገው ንግግር፥ ጠላት በሰው አእምሮ ላይ ጦርነት ከፍቶአል ሲል ከሰሰ። ከሦስት ቀን በኋላም «ኤም ኬ አልትራ» የተባለውን ምስጢራዊ ምርመራ ፈቀደ። ሥራውን የመራው ሲድኒ ጎትሊብ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ሳያውቁ ኤል ኤስ ዲ የተባለውን መድኃኒት ከጠጡት አንዱ ፍራንክ ኦልሰን የተባለ የመንግሥት ሳይንቲስት ሲሆን፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከኒው ዮርክ ሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። በሞንትሪያል ከተማ ደግሞ ዶክተር ዩዌን ካሜሮን፥ ለጭንቀት መድኃኒት ፍለጋ የመጡ በሽተኞችን ለብዙ ቀን በመድኃኒት እያስተኛ፥ በኤሌክትሪክ እየመታ፥ አንዱን ቃል በቴፕ ሺህ ጊዜ ያሰማቸው ነበር። ገንዘቡም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በሽፋን ድርጅት በኩል ከሲ አይ ኤ ይመጣ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የልጆቻቸውን ስም እንኳ ረሱ፤ በትእዛዝ የሚገድል ሰው ግን አልተገኘም።

እንግዲህ የ1962 ዓ.ም. ተመልካች በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ የማንቹሪያን ሐኪም ሲፈራ፥ የገዛ መንግሥቱ ያንኑ ይሞክር እንደ ነበር አያውቅም ነበር። መዝገቦቹ በ1973 ዓ.ም. በሹሙ በሪቻርድ ሄልምስ ትእዛዝ ተደመሰሱ፤ በ1975 ዓ.ም. ነገሩ ሲገለጥ ፕሬዚዳንት ፎርድ የኦልሰንን ቤተ ሰብ ይቅርታ ጠየቀ። በ1977 ዓ.ም. የተረፉት የሒሳብ ወረቀቶች ተገኝተው ለምክር ቤቱ ቀረቡ፤ ከእነርሱም በሥራው 80 ያህል ተቋማት፥ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጭምር፥ እንደ ተካፈሉ ታወቀ።

ፊልሞቹም ከዚህ በኋላ ጠላታቸውን ለወጡ። «ዘ ማንቹሪያን ካንዲዴት» በ2004 ዓ.ም. እንደ ገና ሲሠራ፥ አእምሮ አጣቢው የውጭ መንግሥት መሆኑ ቀርቶ የአሜሪካ የንግድ ኩባንያ ሆነ።

የቢደርማን ሠንጠረዥ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። በ2002 ዓ.ም. በጓንታናሞ እስረኞችን የሚመረምሩ ሰዎች ሥልጠና ሲሰጣቸው፥ ያው ሠንጠረዥ ቃል በቃል ተገልብጦ የመማሪያ ወረቀት ሆነላቸው። የተቀነሰው ርእሱ ብቻ ነበር፤ ርእሱ የኮሚኒስቶች የማስገደጃ ዘዴ መሆኑን ይናገር ነበርና።