ከከብት በረት እስከ ኮሎኖስኮፕ፦ የደም ማቅጠኛ አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። የዊስኮንሲኑ ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ መንሥኤውን ለይተው አወጡ፤ ከዚያ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ፣ በ1954 የሰው መድኃኒት ሆነ።

በ1969 በኒውዮርክ ዎልፍና ሺንያ በኮሎኖስኮፕ የአንጀት እባጭ መቁረጥ ሲጀምሩ አጣብቂኙ ተወለደ፤ መድኃኒቱ ቢቀጥል ቁስሉ ሊደማ፣ ቢቆም የረጋ ደም አንጎልን ሊመታ ይችላል። ለዓመታት ዋርፋሪን ሲቆም በሄፓሪን ይተካ ነበር። በ2015 የታተመው ብሪጅ የተሰኘ ጥናት ግን የልብ ምት መዛባት ባለባቸው ሕሙማን ይህ መተካት የደም መርጋትን ሳይቀንስ መድማትን እንዳበዛ አሳየ።

የአንጀት መድማት ብዙውን ጊዜ በዚያው መሣሪያ ይገታል፤ የሞተ የአንጎል ክፍል ግን አይመለስም። ስለዚህ «መቼ እናቁም?» ከማለታችን በፊት «ማቆም ያስፈልጋልን?» ብለን እንጠይቅ እላለሁ።